ከሩዥ ሸለቆ እስከ ባሌ፦ አጋዘኑና አዳኙ

ስካርቦሮ ውስጥ የሚኖር ሰው አጋዘን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሜዶውቬል መንገድ ወደ ቶሮንቶ መካነ እንስሳት ስትሄዱ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ወደ ሃይላንድ ክሪክ ሸለቆ ስትወርዱ፣ በማለዳ ወይም ሊመሽ ሲል ሦስት አራት ሆነው ሲግጡ ታገኟቸዋላችሁ። ቀና ብለው ያዩአችኋል። ጆሯቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞራሉ። ከዚያ ከሥሩ ነጭ የሆነውን ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ያቆሙና ዛፎቹ መሐል ይጠፋሉ።

ብዙዎቻችሁ ፎቶ አንስታችኋቸዋል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከመኪና መስኮት ከማየት በቀር ብዙ አላሰብኩባቸውም ነበር። ማሰብ የጀመርኩት አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጄ አንድ ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ አደን መማር እፈልጋለሁ» ሲለኝ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው አያት በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ወደ ሰሜን እየሄዱ አጋዘን ያድናሉ። ልጄንም «መጥተህ እይ» ብለው ጋብዘውታል።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ልጁን አየችው።

«ምን አጥተህ ነው የምታድነው?» አለችው።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልነበረኝም። ሥጋ ከገበያ በሚገዛበት ከተማ ውስጥ ሰው ለምን እንስሳ ይገድላል? ጥያቄው ከዚያ ማታ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ከረመ። ይህ ጽሑፍም ከዚያ የመጣ ነው።

ለመሆኑ አጋዘን ማን ነው?

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እዚህ አገር የምናየው እንስሳ በእንግሊዝኛ «ዲር» ይባላል። የእኛዎቹ ሙሉ ስማቸው «ባለ ነጭ ጅራት ዲር» ነው። አማርኛ ግን ለዲር የራሱ ስም የለውም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ዲር የለም። በመላው አፍሪካ የዲር ዘር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በእነ አልጄሪያና ቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ወደዚህ የመጡ ወላጆቻችን በአገር ቤት የሚያውቁትን ስም አውጥተው ሰጡት፦ አጋዘን።

አገር ቤት አጋዘን የሚባለው ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ያሉት ትልቅ የዱር እንስሳ ነው። የቆላም የደጋም አለ። ከእሱ ያነሰው፣ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ድኩላ ይባላል። ከሁሉም ትንሿ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ እየዘለለች የምትጠፋው ሚዳቋ ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ደግሞ ዋላ የሚባል አለ፤ በመዝሙረ ዳዊት 42 ውኃ የሚናፍቀው እንስሳ እሱ ነው።

በአገር ቤቱ አጋዘንና በካናዳው መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ቀንዱ ላይ ነው። አማርኛ ለሁለቱም «ቀንድ» ይላል እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። የአገር ቤቱ አጋዘን ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ነው። ውስጡ አጥንት፣ ላዩ እንደ ጥፍር ያለ ሽፋን ነው። አንዴ ከበቀለ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። የካናዳው ወንድ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል! ከዲሴምበር ጀምሮ ክረምቱ ውስጥ ይወድቅና በጸደይ እንደ አዲስ መብቀል ይጀምራል። በበጋ ሲያድግ ለስላሳ ጸጉር ባለው ቆዳ ተሸፍኖ ነው፤ በቆዳው ውስጥ ደም ይዘዋወራል። ሴፕቴምበር ሲገባ ቆዳው ይደርቃል፤ እንስሳውም ከዛፍ ጋር እያሸ ይገፈዋል። ከእንስሳት አካል ሁሉ እንዲህ በፍጥነት የሚያድግ አጥንት ማግኘት ያስቸግራል።

ምናልባት እንግሊዝ አገር ዘመድ ያላችሁ ሌላም አይነት አይታችሁ ይሆናል። «ፋሎ» የሚባለው ዲር በበጋ ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ የወንዱ ቀንድ ደግሞ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው። ኦክቶበር ላይ ሴት ሲፈልግ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ እያሰማ ያድራል። የትውልድ አገሩ ቱርክ አካባቢ ነው፤ ወደ ብሪታንያ በመጀመሪያ ሮማውያን፣ ኋላም ኖርማኖች ወሰዱት። ካናዳ ውስጥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደሴቶች ላይ ሰዎች ለአደን ብለው አምጥተው ለቀቁት። ተኩላ በሌለበት ደሴት ላይ ተራብቶ የጫካውን ለጋ ዛፍ ሁሉ በላው። ሲድኒ በምትባለው ደሴት ላይ በ2023 የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ፈጽሞ ለማጥፋት ዘመቻ ጀመረ፤ ነዋሪውም በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ። በእኛ ኦንታርዮ ፋሎ የምታዩት በእርሻ ውስጥ ሲረባ ነው።

እንዴት እንደሚኖሩ

ከልጄ ጋር ጫካ ከመሄዳችን በፊት አንድ ወር ሙሉ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሩዥ ሄድን። ሩዥ የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ የከተማ ፓርክ ነው። የተቋቋመው በ2015 ሲሆን 79 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። እዚያ ውስጥ ማደን ፈጽሞ ክልክል ነው። ማየት ግን በነጻ ነው።

አጋዘን ቀን ቀን ተኝቶ፣ ጎሕ ሲቀድና ሊመሽ ሲል የሚወጣ እንስሳ ነው። «ጎሕ ሲቀድ» ማለት ሰማዩ መንጋት ሲጀምር ማለት ነው። ዓይኑ በጭላንጭል ብርሃን በደንብ ያያል። ከዓይኑ ይልቅ ጆሮው፣ ከጆሮው ይልቅ አፍንጫው ይበረታል። ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ ሳታዩት አውቋችሁ ሄዷል።

እንደ ላም ያመሰኳል። ሆዱ አራት ክፍል አለው። ሜዳ ላይ ወጥቶ ቶሎ ቶሎ ይበላል፤ ከዚያ ወደ ጫካ ገብቶ ይተኛና የበላውን ወደ አፉ መልሶ ቀስ ብሎ ያኝካል። ይህ ብልሃት ነው። ሜዳ ላይ ብዙ ከቆየ ጠላት ያየዋል። የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። ስለዚህ ቅርንጫፍ ሲበላ ይቀነጥሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። ልጄ ይህን ካወቀ በኋላ በየመንገዱ ቅርንጫፍ እየያዘ «ይሄ የጥንቸል ነው፣ ይሄ የአጋዘን ነው» ማለት ጀመረ። ጥንቸል በቢላ እንደ ቆረጡት ያደርገዋል፤ የአጋዘኑ ጫፉ የተተለተለ ነው።

ሴቶቹ ከልጆቻቸው ጋር አብረው ይሄዳሉ። ወንዶቹ አብዛኛውን ዓመት ለብቻቸው ወይም ከሌሎች ወንዶች ጋር ናቸው። ኖቬምበር ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ወንዱ አንገቱ ያብጣል፤ ምግብ ይረሳል፤ በአፍንጫው መሬት እያሸተተ ሴት ይከተላል። መንገድ ሲያቋርጥ ግራ ቀኝ አያይም። በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ በተለይ ምሽት ላይ፣ መኪናና አጋዘን የሚጋጩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ አጋዘን ከፊታችሁ ካቋረጠ ሁለተኛው ከኋላው አለ ብላችሁ አስቡ።

ክረምቱን የሚያልፉት በስባቸው ነው። በበጋ ቀይ ቡኒ የነበረው ጸጉራቸው ወፍራምና ግራጫ ይሆናል። በረዶው በሚከብድበት በሰሜን በኩል የጥድ አይነት ዛፍ የበዛበት ቦታ ላይ ተሰብስበው ይከርማሉ፤ ዛፎቹ በረዶውንም ነፋሱንም ያስቀሩላቸዋል።

አደኑ እና ሕጉ

እዚህ አገር ማደን እንደ ልብ አይደለም። ይህን ያልኩት አንዳንድ ሰዎች «ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባት ነው» ብለው ስለሚያስቡ ነው። ኦንታርዮ ውስጥ አዳኝ ለመሆን በመጀመሪያ ኮርስ መውሰድና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ከዚያ የአደን ፈቃድ አለ፤ ለጠመንጃው ደግሞ ሌላ የፌዴራል ፈቃድ አለ። ለአጋዘን ለብቻው «ታግ» የሚባል ወረቀት ይወጣል፤ አንድ ታግ አንድ እንስሳ ነው። ቀንድ የሌላቸውን፣ ማለትም ሴቶቹንና ግልገሎቹን፣ ለመግደል ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ያልደረሰው ሰው ሴት አጋዘን አምስት ሜትር ላይ ብትቆምለትም መተኮስ አይችልም።

ልጆች ከ12 ዓመት ጀምሮ በወላጅ ፈቃድ መማር ይችላሉ፤ ግን ልምድ ካለው አዋቂ ጋር ሆነው፣ ለሁለት አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዘው ነው። የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እስኪሆን ብቻ ነው። በጠመንጃ ወቅት አዳኞች ደማቅ ብርቱካንማ ልብስና ኮፍያ የመልበስ ግዴታ አለባቸው። የሚበላ ሥጋ ጫካ ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው። የዱር ሥጋ መሸጥም ክልክል ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ የምትበሉት የአጋዘን ሥጋ ከእርሻ የመጣ ነው።

የአደን መሪ የሚቀጥሩት ቦታውን የማያውቁ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። የልጄ ጓደኛ አያት ሰባ አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ መሪ ይቀጥራሉ። እኔና ልጄ ያለ ጠመንጃ፣ ለማየት ብቻ፣ አብረናቸው ሄድን።

ሁለት ቀን በጫካ

ከስካርቦሮ ተነስተን ሦስት ሰዓት ያህል ነዳን፤ ከሃንትስቪል ትንሽ ወደ ሰሜን። በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። (በአገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ እናንተ ከጠዋቱ አምስት ተኩል የምትሉት።) መሪው ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ከኪሱ ትንሽ የዱቄት ጠርሙስ አውጥቶ ጨመቃት። ዱቄቱ ወደ ግራ በነነ። «በዚህ አንሄድም» አለና ዞሮ በሌላ መንገድ ወሰደን። ነፋሱን እያየ ነበር።

ሲነጋጋ ምልክቶቹን አሳየን። አንድ ቀጭን ዛፍ ልጡ ተገፏል፤ ወንዱ ቀንዱን ያሸበት ነው። ከዛፍ ሥር ቅጠሉ ተጭሮ አፈሩ ወጥቷል፤ ይህም የወንዱ ነው፤ ለሌሎቹ «እዚህ ነኝ» የሚልበት። መሪው በጣቱ በጠጡን ነካና «ዛሬ ሌሊት» አለ። «በጠጥ» የፍየልና የበግ፣ እንዲሁም የእንደዚህ ያሉ እንስሳት ክብ ክብ ፋንድያ ነው።

ከዚያ ዛፍ ላይ የተሠራ መቀመጫ ላይ ወጥተን ጠበቅን። አደን ማለት በአብዛኛው መጠበቅ ነው። እኔ ብርዱ ጣቶቼ ውስጥ ገባ። ልጄ፣ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ስልኩን ሳይነካ መቆየት የማይችለው ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ።

አንዲት ሴት አጋዘን ሁለት ግልገሎች አስከትላ መጣች። ግልገሎቹ የዓመቱ ናቸው፤ ነጠብጣባቸው ጠፍቷል። ከመቀመጫችን ሥር የወደቀ የኦክ ፍሬ እየለቀሙ በሉ። ሲያኝኩ ይሰማን ነበር። ሽማግሌው የያዙት ታግ ለወንድ ብቻ ስለሆነ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ዝም ብለው አዩዋት። ሃያ ደቂቃ ቆይተው ሄዱ። ያ ቀን በዚህ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ወንድ አንገቱን ደፍቶ እያሸተተ መጣ። አንድ ጥይት ተተኮሰ። እንስሳው ዘለለ፣ ሮጠ፣ ከዓይናችን ጠፋ። ልጄ ሊወርድ ሲል መሪው እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ የቆሰለን እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት በፍርሃት ርቆ ይሄድና ይጠፋል። ከዚያ ደሙን ተከትለን ሄድን። ስልሳ እርምጃ ያህል ርቆ ወድቋል።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። እጃቸውን አንገቱ ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ታጉን አውጥተው ቀኑንና ሰዓቱን ምልክት አደረጉበት፤ ሕጉ እንስሳው ከመነሳቱ በፊት ያንን እንዲያደርጉ ያዛል። መሪው ቢላዋውን አውጥቶ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ ልጄ ፊቱ ነጣ፤ ግን ዞር አላለም። አንድ ጊዜ ብቻ «አመመው?» ብሎ ጠየቀ። መሪው «አዎ፣ ለጥቂት ጊዜ» አለው። መልሱን ወደድኩለት። «ምንም አልተሰማውም» ብሎ ልጁን ሊያባብለው ይችል ነበር።

በክት

ሽማግሌው ከሥጋው ለእኛም ሰጡን። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የከበደው።

«በክት» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ? በክት ማለት ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ሥጋ ነው። አገር ቤት ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ሁለቱም ደሙ እንዲፈስ ያደርጋሉ። ሁለቱም ሳይታረድ የሞተውን አይበሉም። አጋዘን ራሱ የተከለከለ እንስሳ አይደለም፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ስለሆነ በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል። የእናቴ ጥያቄ ስለ እንስሳው ሳይሆን ስለ አሟሟቱ ነበር።

«ታርዷል?» አለች፣ በሩ ላይ ቆማ።

«እማማ፣ በጥይት ነው የሞተው፤ ግን ደሙ ፈስሷል» አላት ልጄ።

«በማን ስም?»

ልጁ እኔን አየኝ። እናቴ ተቆጥታ አልነበረም። በአገራችን አዳኝ እንስሳውን ሲመታ ሮጦ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ያርደዋል እንጂ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ አይጠብቅም አለች። ሥጋው የእሷ ዶሮ ካለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደማይገባም ነገረችን። እንዳለችውም አልገባም። ልጄ ጓደኛው ቤት ሄዶ በላ፤ የቀረውን ለጎረቤታችን ሰጠን። እኔ አልበላሁም። እናቴ እያየች መብላት አልፈለግሁም፤ ተደብቄ መብላትም አልፈለግሁም። ሌሎች ቤቶች ሌላ ይወስናሉ። የቤታችሁን ሥርዓት ወላጆቻችሁንና የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከጫካ ከመመለሳችሁ በፊት ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል።

ከዚያ ግን እናቴ ቡና አፈላችና «በል እስቲ፣ አመጣጡን ንገረኝ» አለችው። ልጁ በተሰባበረ አማርኛው ሁሉንም ነገራት። ዱቄቱን፣ ነፋሱን፣ ሴቷንና ግልገሎቿን። ስትሰማ ቆይታ ተነሳችና ከሣጥኗ አንድ አሮጌ ሳንቲም አምጥታ እጁ ላይ አደረገችለት። አሥር ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል አንበሳ አለ። በሌላው በኩል ረጅም ቀንድ ያለው እንስሳ።

«የእኛ አገሩ ይሄ ነው» አለችው።

የደጋ አጋዘን

እናቴ ያደገችው አርሲ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። በልጅነቷ እንጨት ለመልቀም ኮሶ ዛፍ ያለበት ጫካ ስትገባ የደጋ አጋዘን ታይ ነበር።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያውም በመላ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ በባሌ፣ በአርሲና በጨርጨር ተራሮች ብቻ ነው። የሳይንስ ዓለም ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1908 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አይቮር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን በአርሲ ተራሮች አንዱን ገደለ። በ1910 ሪቻርድ ሊዴከር የሚባል ሊቅ በጽሑፍ ገለጸውና በገዳዩ ስም ሰየመው። ከአፍሪካ ትልልቅ የዚህ ዘር እንስሳት መካከል በሳይንስ መዝገብ የመጨረሻው ገቢ እሱ ነው። የአርሲና የባሌ ሰው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ያውቀው ነበር፤ በገዳዩ ስም መጠራቱ እስካሁን አይዋጥልኝም።

ትልቅ እንስሳ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ከእኛ ባለ ነጭ ጅራት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ቀንዱ ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። የሚኖረው ባብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ኮሶና ጥድ፣ ከፍ ሲልም አስታ በሚበቅልበት ብርድ ነው። ጠባዩ ግን ከሩዡ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጠዋትና ማታ ሜዳ ወጥቶ ይበላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጫካ ይገባል። ሴቶችና ጥጆች በአንድነት፣ ትልልቅ ወንዶች ለብቻ። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ወዲያው አይዋጉም፤ የጀርባቸውን ጸጉር አቁመው ቀስ ብለው ይዟዟራሉ። አንዱ ያንሳል ብሎ ያሰበ ይሄዳል።

ዛሬ በብዛት የሚታየው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾና በጋይሳይ ሜዳ ነው። ፓርኩ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በ1991 ደርግ ሲወድቅና ሥርዓት ሲላላ በዚያ የነበሩት አጋዘኖች በብዛት ተገድለው ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ አገገሙ። አሁን በጠቅላላው ጥቂት ሺዎች ናቸው፤ በዓለም አቀፉ ዝርዝር «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብለው ተመዝግበዋል።

ታዲያ በሕግ እንደሚታደኑ ታውቃላችሁ? ከፓርኩ ውጪ፣ እንደ ሙኔሳ፣ ሃንቶና ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች፣ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በየዓመቱ ስንት እንደሚታደን በቁጥር ይወስናል። አዳኙ ከውጭ አገር የሚመጣ ሀብታም ነው። ፈቃድ ያለው የአደን መሪ መቅጠር አለበት፤ የሚገድለውም ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻ ነው። ለአንዱ አጋዘን ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። ቀንዱን ይዞ ይሄዳል።

ደጋፊዎች «ገንዘቡ ጫካውን ያስጠብቃል፤ የአደን ቦታ ባይሆን ኖሮ እርሻ ይሆን ነበር» ይላሉ። ተቃዋሚዎች «ጥቂት ሺህ ብቻ የቀረን እንስሳ እንዴት ትሸጣላችሁ?» ይላሉ። እኔ ይህን ጉዳይ ሳነብ ከርሜ የደረስኩበት፣ የደጋ አጋዘንን የሚያጠፋው በዓመት ጥቂት ሽማግሌ ወንዶች መገደላቸው አይመስለኝም። የሚያጠፋው ጫካው መመንጠሩ፣ ከብቱ መብዛቱና ውሻ ጥጃውን ማሳደዱ ነው። ግን ደግሞ በጫካው ዳር ያለው ገበሬ ከዚያ ዶላር የሚታይ ነገር ካልደረሰው፣ ለምን ብሎ ጫካውን ይጠብቃል? ሰውየው ልጆች አሉት። ክርክሩ መጀመር ያለበት ከእሱ ነው።

አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ፤ አማርኛ ለምትማሩ ይጠቅማችኋል። «ማደን» እንስሳ መግደል ነው። «ማዳን» ከሞት ማትረፍ ነው። ልዩነቱ ደ እና ዳ ነው። «አዳኝ» ብላችሁ ስትጽፉ ግን ሁለቱም አንድ አይነት ይጻፋሉ። «ያድናል»ም እንደዚሁ ነው። የሚለያዩት በአነባበብ ነው፤ ለአደን ድምፁ ይጠብቃል፣ ለማትረፍ ይላላል። ልጄ ለእናቴ «አዳኝ መሆን እፈልጋለሁ» ሲላት አላልቶ ተናገረው። «እሱስ አንድ ብቻ ነው» ብላ ሳቀችበት።

በድሮ ጊዜ አገር ቤት ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ፎክሮ፣ ጸጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ይመለስ ነበር፤ ሴቶችም ይዘፍኑለት ነበር። እናቴ ያንን ታስታውሳለች፣ አትወደውምም። የሽማግሌውን ኮፍያ ማውለቅ ስትሰማ ግን «እሱ ይሻላል» አለች።

የኮርሱ ወረቀት ሦስት ሳምንት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ ቆየ። ከ16 ዓመት በታች ስለሆነ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። ፈረምኩ። እናቴ «ፈርምለት፣ ግን ቤቴ አያምጣው» ብላለች። የሴት አጋዘኗ ነገር ይሆን ጥይቱ ልጄን የበለጠ የሳበው፣ ገና አልጠየቅሁትም። ኮርሱ አፕሪል ውስጥ ነው።

እናንተ ጠመንጃ ሳትይዙ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ሩዥ ውስጥ ከመካነ እንስሳቱ አጠገብ የሚጀምረው «ቪስታ» የሚባለው የእግር መንገድ ጥሩ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ፤ ነፋሱ ፊታችሁ ላይ እንዲነፍስ ሆናችሁ ሂዱ፤ ወሬ ቀንሱ። ምግብ አትስጧቸው። በሜይ መጨረሻና በጁን ሣር ውስጥ ብቻውን የተኛ ነጠብጣብ ያለው ግልገል ካገኛችሁ አትንኩት። የተጣለ አይደለም። እናቱ ጠረኗ ጠላት እንዳይስብበት ሆን ብላ ርቃ ትበላለች፤ መጥታ ታጠባዋለች። ሸለቆው ውስጥ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ስለዚህ ሱሪያችሁን ካልሲያችሁ ውስጥ ክተቱ፣ ቤት ስትገቡም ከጉልበታችሁ ጀርባና ብብታችሁ ሥር ሳይቀር ፈትሹ።